ዲሲ ስትመጡ የትኛውን ሙዚየም አስቀድማችሁ ማስያዝ አለባችሁ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንግዳ አናጣም። እናት ከአዲስ አበባ ትመጣለች። የአክስት ልጅ ቤተሰቡን ጭኖ ከአትላንታ ይነዳል። ከስቶክሆልም የመጣው ጓደኛ ደግሞ ያለው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሁሉም ማየት የሚፈልጉት ያንኑ ነው፣ የሚጠይቁኝም ያንኑ ነው። ስለዚህ መልሱን አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመቶቹም ወሮቹም ሰዓቶቹም ዌብሳይቶቹ ላይ እንደምታገኟቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የዲሲ ሙዚየሞች ነጻ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። ነጻ ከሆኑ ታዲያ ምን ያስያዛል?

እውነት ነው፣ ዲሲ ውስጥ ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በሙሉ መግቢያ አያስከፍሉም። ታሪኩም ደስ ይላል። ጄምስ ስሚዝሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ነበር፤ አሜሪካን አንድም ቀን ሳይረግጥ ሀብቱ እዚህ የእውቀት ተቋም እንዲቋቋምበት ተናዘዘ፣ ተቋሙም በ1846 ተመሠረተ። ዛሬ እኛም ከልጆቻችን ጋር ያለ ክፍያ የምንገባው በዚያ ኑዛዜ ነው።

ነገር ግን አንዳንዶቹ ሙዚየሞች በየሰዓቱ የሚያስገቡት ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው። ለዚያ ነው ባለሰዓት ፓስ፣ ማለትም በተያዘለት ሰዓት ብቻ የሚያስገባ ቲኬት፣ የሚሰጡት። ፓሱ ነጻ ነው፣ ግን ያለ እሱ በር ላይ ይመልሷችኋል። ገንዘብ ስለማይጠየቅ ብዙ ሰው "ሄደን እንገባለን" ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ እናቱን በሐምሌ ሙቀት ይዞ ይመለሳል። እንዲህ ሲሆን ማየት በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ቀድሞ አምስት ደቂቃ ስልክ ላይ ቢጠፋ ኖሮ የሚቀር ነገር ነው።

እሺ፣ የግድ ማስያዝ ያለብኝ የትኞቹን ነው?

ብዙ አይደሉም። የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም አለ። ናሽናል ሞል በሚባለው የመሐል ከተማ ሰፊ ሜዳ ላይ ያለው የአየርና ሕዋ ሙዚየም አለ። የዋሽንግተን ሐውልት ላይ መውጣት ከፈለጋችሁ እሱ፣ የሆሎኮስት ሙዚየም ዋናው ኤግዚቢሽን፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ ፓንዳዎቹ ያሉበት የእንስሳት ማቆያም (ዙ) እንደዚሁ። ዋይት ሐውስ ብቻውን ሌላ ዓለም ስለሆነ ከታች ለብቻው ጽፌዋለሁ።

ዝርዝሩ ሊለወጥ ይችላል። አንድ ሙዚየም እድሳት ሲጀምር ፓስ ያወጣል፣ ሌላው ሰው ሲቀንስለት ይተወዋል። ስለዚህ ስም ከመሸምደድ መለያውን መያዝ ይሻላል። መጀመሪያ የቦታውን ዌብሳይት ከፍታችሁ "ያለ ፓስ አይገባም" ይላል ወይስ "ብታስይዙ ይመረጣል" ነው የሚለው፣ እሱን እዩ። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ቀጥሎ የመጣችሁበትን ወቅትና ቀን እዩ። ከሁሉ በላይ ግን እንግዳችሁን ጠይቁ፦ "ይሄን ሳታይ ብትመለስ ይቆጭሃል?" የሚቆጭ ከሆነ ዛሬውኑ ያዙለት። ካልሆነ ለዕለቱ ስሜት ተዉት። ሁሉንም ነገር ማስያዝ ጉዞውን የቢሮ ቀጠሮ ያደርገዋል፣ እኔ በግሌ አልወደውም።

የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም ሁልጊዜ "አልቋል" ይለኛል። ምን ላድርግ?

ተስፋ አትቁረጡ፣ ይገኛል። ፓሱ የሚለቀቀው ከ30 ቀን በፊት ነው፣ በየቀኑ ጠዋት 8:00 ላይ። ማለትም ሐምሌ 20 መግባት ከፈለጋችሁ ሰኔ 20 ጠዋት ስልካችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ ማለት ነው። ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ያልቃል፣ ማክሰኞና ረቡዕ ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ያ ካመለጣችሁ ደግሞ ለዕለቱ የሚሆን ፓስ በዚያው ቀን ጠዋት 8:15 ላይ ኦንላይን ይለቀቃል። ያኔ ፈጣን መሆን ነው፤ ቁርሱን ሌላ ሰው ይሥራ፣ እናንተ ስልኩ ላይ ሁኑ። ሁለቱም ካልሆነ ቀን ውስጥ ደጋግማችሁ ግቡና እዩ፣ ሰው እየሰረዘ ቦታ ይለቀቃል።

ስለዚህ ሙዚየም ትንሽ ልቆይባችሁ፤ አንድ ብቻ አስይዙ ብትሉኝ የማስይዘው እሱን ነውና። የተከፈተው በመስከረም 2016 ነው። ሕንፃውን በዋናነት የነደፈው ዴቪድ አጃዬ ታንዛኒያ ውስጥ ከጋናውያን ወላጆች የተወለደ ነው። ከውጭ የሚታየው ባለሦስት ደረጃ ነሐስ መሰል አክሊል ከምዕራብ አፍሪካ የዮሩባ ቅርጻ ቅርጽ የተወሰደ ነው። ስትገቡ በቀጥታ ወደ ላይ አትውጡ። የታሪኩ ክፍል ያለው ከመሬት በታች ነው፣ በትልቁ ሊፍት ወደ ታች ወርዳችሁ ከባርነት ንግድ ዘመን ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ጨለማና ጠባብ የሆነው ቦታ ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ የተገደለው የ14 ዓመቱ ልጅ የኤመት ቲል የመጀመሪያ የሬሳ ሳጥን እዚያ አለ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ጥቂት ንገሯቸው። ላይኛው ፎቅ ሙዚቃ፣ ስፖርትና ፊልም ስለሆነ ከዚያ ሁሉ ሐዘን በኋላ መንፈስን ያነሳል።

እዚህ አገር የተወለዱ ልጆች ያሉን ወላጆች ይሄን ቦታ ልናልፈው አይገባም። ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚማሩት ታሪክ፣ እኛም መጥተን በነጻነት የምንኖርበት መብት በማን ትግል እንደተገኘ እዚያ ቁጭ ብሎ ይታያል። ለጉብኝቱ ቢያንስ ሦስት ሰዓት መድቡ። ሰኞ የሚከፈተው እኩለ ቀን ላይ መሆኑንም አትርሱ።

ልጆቼ ሮኬትና አውሮፕላን ነው የሚሉት። የአየርና ሕዋው ፓስ ካለቀስ?

ሞል ላይ ያለው ለዓመታት እየታደሰ ስለሆነ ባለሰዓት ፓስ ያስፈልገዋል። ፓሱ ቀደም ብሎ በብዛት ይለቀቃል፣ የተወሰነው ደግሞ በዕለቱ ጠዋት 8:30 ላይ። የራይት ወንድማማቾች በ1903 ያበረሯት አውሮፕላን ያለችው እዚያ ነው።

ካጣችሁ ግን ሌላ መፍትሔ አለ፣ እንዲያውም ብዙ ልጆች እሱን ነው የሚወዱት። የዚሁ ሙዚየም ሁለተኛ ቅርንጫፍ ኡድቫር ሄዚ የሚባለው ሻንቲሊ ቨርጂኒያ፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው። ፓስ አያስፈልግም፣ የመግቢያ ክፍያም የለውም፣ የምትከፍሉት መኪና ማቆሚያ 15 ዶላር ብቻ ነው፣ እሱም ከቀኑ 4:00 በኋላ ነጻ ይሆናል። በእውነት ሕዋ ደርሳ የተመለሰችው ዲስከቨሪ የምትባለው መንኩራኩር እዚያ ቆማለች። ከድምፅ የሚፈጥነው የመንገደኞች አውሮፕላን ኮንኮርድም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ደለስ ስለሆነ እንግዳ ልትቀበሉ ወይም ልትሸኙ በምትሄዱበት ቀን ልጆቹን እግረ መንገዳችሁን ማስገባት ትችላላችሁ። አሥራ ምናምን ሰዓት በርሮ የመጣን ሰው ግን በዚያው ቀን ሙዚየም አትውሰዱት። ቤት ገብቶ ይተኛ።

የዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ መውጣት ይቻላል?

አዎ፣ በሊፍት። ቁመቱ 169 ሜትር ነው፣ ከላይ ከተማው በአራቱም አቅጣጫ ይታያል። ቲኬቱ ራሱ ነጻ ቢሆንም ኦንላይን ስታስይዙ ለአንድ ሰው 1 ዶላር የአገልግሎት ይወስዳሉ። የሚያዘው ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ዌብሳይት ላይ ነው፣ ከ30 ቀን በፊት ጠዋት 10:00 ላይ ይከፈታል፤ ጥቂት ቲኬት ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት በዚያው ሰዓት ይለቀቃል። ኦንላይን ካጣችሁ 15ኛ ጎዳና ላይ ሐውልቱ ሥር ያለችው ትንሽ ቤት ጠዋት 8:45 የዕለቱን ቲኬት ማደል ትጀምራለች፤ በሰመር ግን ሰው ከዚያ በፊት ስለሚሰለፍ ቀደም በሉ። ትልቅ ቦርሳ አያስገቡም።

እንግዳዬ ከፍታ የማይወድ ከሆነ ይሄን እዘለዋለሁ። ሐውልቱ ከታችም ያምራል። ደግሞ ወደ ላይ ቀና ብላችሁ ስታዩት አንድ ሦስተኛው አካባቢ ድንጋዩ ቀለሙ ይለወጣል፤ ገንዘብ አልቆ ግንባታው ለዓመታት ከቆመ በኋላ ከሌላ ቦታ በመጣ እብነ በረድ ስለቀጠሉት ነው።

ዋይት ሐውስ ውስጥ መግባትስ?

ይቻላል፣ ግን ከሁሉም ረጅም ጊዜ የሚጠይቀው እሱ ነው። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ከሆናችሁ የምትጠይቁት በአካባቢያችሁ የኮንግረስ አባል ቢሮ በኩል ነው። ጥያቄው ከጉብኝቱ ቀን ከ21 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መግባት አለበት። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ደግሞ ዋሽንግተን ባለው የአገሩ ኤምባሲ በኩል እንዲጠይቅ ነው የሚመከረው። ስም፣ የልደት ቀንና መታወቂያ ይጣራል፣ ስም ፓስፖርት ላይ ካለው በአንድ ፊደል ቢለይ ችግር ነው። የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተል ለእኛ ሰው ሁልጊዜ ራስ ምታት ስለሆነ ልክ እንደ ፓስፖርቱ ጻፉት። ቦርሳ ይዞ መግባት ጭራሽ አይቻልም።

በጥቅምት 2025 የሕንፃው ምሥራቃዊ ክንፍ ፈርሶ አዲስ ግንባታ ተጀምሯል፤ ጎብኚ የሚገባው ቀድሞ በዚያ በኩል ስለነበር ስለ ጉብኝቱ ከዘመድ የሰማችሁት የድሮ መረጃ አይሠራም። ምክሬ፣ ሞክሩ፣ ግን የጉዞውን ፕሮግራም በእሱ ላይ አትመሥርቱ። ሊሰረዝ ይችላል።

ለእናት የዋይት ሐውስ ፎቶ ካማራት በፔንሲልቬኒያ ጎዳና በኩል ከአጥሩ ውጭ ማንሳት ይቻላል፣ ምንም ቲኬት የለውም። ከዚያው አቅራቢያ ደግሞ በ2024 የተከፈተ "የሕዝቡ ቤት" የሚባል ማሳያ አለ፣ የፕሬዝዳንቱን ቢሮ በልኩ ገንብተውታል። መግቢያው ነጻ ነው፣ ሰዓት ኦንላይን ይያዛል። ልጆች የፕሬዝዳንቱ ጠረጴዛ ጋር ፎቶ መነሳት በጣም ይወዳሉ።

ካፒቶልና የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አንድ ቀን ይሆናሉ?

ይሆናሉ፣ እንዲያውም እንደዚያ ነው የሚሻለው። የካፒቶል፣ ማለትም የኮንግረሱ ሕንፃ፣ ጉብኝት ነጻ ነው፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። ኦንላይን ማስያዝ ይቻላል፣ ቱሪስት በማይበዛበት ጊዜ ደግሞ በዕለቱ ሄዳችሁም ብዙ ጊዜ ቦታ ታገኛላችሁ። ምግብና ፈሳሽ አያስገቡም፣ የሕፃን ካልሆነ በስተቀር። ውሃ የያዛችሁ ጠርሙሱን ባዶ አድርጉ። ምክር ቤቶቹ ሲሰበሰቡ ማየት የሚፈልግ ሰው የተለየ የጋለሪ ፓስ ያስፈልገዋል፤ የውጭ አገር እንግዶች መታወቂያቸውን አሳይተው እዚያው የጎብኚዎች ማዕከል ውስጥ መጠየቅ ይችላሉ።

ከካፒቶል ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚወስድ የመሬት ውስጥ መተላለፊያ አለ። ሙቀትም ዝናብም አይነካችሁም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቤተ መጻሕፍቱ ባለሰዓት ፓስ አለው፣ ከ30 ቀን በፊት 9:00 ላይ ይለቀቃል፣ የዕለቱም አለ። እሑድና ሰኞ ዝግ ነው፣ ሐሙስ ግን እስከ ምሽት 8:00 ክፍት ስለሆነ ከሥራ በኋላ እንግዳ ለመውሰድ የሚመች ነው። ውስጡ በጣም ያምራል። ከ1450ዎቹ የሆነ የጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ ታያላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኛ ሰው ስለሚገባ። እዚሁ ሕንፃ ውስጥ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ የንባብ ክፍል አለ፣ በአማርኛ፣ በግዕዝና በትግርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ተከማችተውበታል። ትልቁን የአማርኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ቶማስ ሌይፐር ኬን ያሰባሰባቸው የብራና ጽሑፎችም የዚህ ቤተ መጻሕፍት ንብረት ናቸው። ለጎብኚ እንደ ኤግዚቢሽን የተዘረጉ አይደሉም። ዕድሜው 16 የሞላ ሰው ግን ነጻ የአንባቢ ካርድ ማውጣት ይችላል፣ በዚያ የንባብ ክፍሉን ይጠቀማል። አገር ቤት ሆነው ስለ ታሪክ የሚያነቡ አባት ካሏችሁ ይሄን ቀን ለእሳቸው ያዙላቸው።

ምንም ሳላስይዝ የምገባባቸው የት የት ናቸው?

ብዙ ናቸው፣ ደስ የሚለውም ይሄ ነው። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያለ ፓስ ነው፣ ዳይኖሰርና የሆፕ አልማዝ አለ። የሰው ዘር አመጣጥ ክፍሉን እንዳትዘሉት፤ የድንቅነሽ ዝርያ ፊት ምን ሊመስል እንደሚችል ሠርተው አስቀምጠውታል። የራሷ የድንቅነሽ አጥንት ግን ያለው አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ነው፣ ለልጆቹ ንገሯቸው። የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሙዚየም፣ የሥዕል ብሔራዊ ጋለሪው፣ ሁሉም ሰተት ብሎ መግባት ነው። የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየምም ያለ ፓስ ነው፤ ስብስቡ ውስጥ የእኛ አገር መስቀሎችና ሥዕሎች አሉ፣ ሰልፍም የለውም።

ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ፣ የነጻነት አዋጁና ሕገ መንግሥቱ ያሉበት፣ ያለ ቲኬት ይገባል። ሰልፉን ለማሳጠር 1 ዶላር ከፍሎ ሰዓት መያዝ ይቻላል፣ በሰመር ይሄ ዶላር አይቆጭም። ፎቶ ክልክል ነው።

የሊንከን፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ፣ የጄፈርሰን መታሰቢያዎች ሌሊትም ቀንም ክፍት ናቸው። ማታ ሂዱ። መብራቱም ያምራል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል።

አርሊንግተን መካነ መቃብርም ነጻ ነው፣ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው መታወቂያ ይያዝ። የፕሬዝዳንት ኬኔዲ መቃብር ጋ ስትደርሱ ትልልቆቹ ዝም ይላሉ፣ ምክንያቱም የተገደለበትን ቀን ያስታውሳሉ ወይም ከወላጆቻቸው ሰምተዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1963 ለቀብሩ መጥተው ከሌሎቹ መሪዎች ጋር በእግራቸው ሸኝተውታል፤ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ደግሞ የኬኔዲ እንግዳ ሆነው ዋሽንግተን ነበሩ።

አዲስ አበባ ሆኜ ራሴ ማስያዝ እችላለሁ?

ነጻ ፓስ ከሆነ ኢሜይል ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ይቻላል። 1 ዶላር የሚጠይቁት ላይ ዓለም አቀፍ ካርድ ያስፈልጋል፤ እሱን ዲሲ ያለው ዘመድ ይያዘው።

የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። የዲሲ ጠዋት 8:00 ከመጋቢት እስከ ኅዳር መጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ በቀዝቃዛው ወቅት ደግሞ 10 ሰዓት። 10:00 ላይ የሚለቀቀው የሐውልቱ ቲኬት በሰመር አዲስ አበባ 11 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ፓሱ ላይ 2:00 ከሰዓት ካለ በእኛ 8 ሰዓት ማለት ነው። እናት በራሷ ሰዓት ለምዳ "ሁለት ሰዓት" ስትሰማ በጠዋት ተዘጋጅታ ትቀመጣለች፣ ስለዚህ ንገሯት። ቀኑንም ልብ በሉ፣ አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ። 07/08 ሐምሌ 8 ነው፣ እሱም የፈረንጆቹ ሐምሌ።

በቀን ስንት ቦታ ልያዝ?

አንድ። ሌላውን ክፍት ተዉት። ጠዋት ባለሰዓቱን ከያዛችሁ ከሰዓት ፓስ ወደማይጠይቀው ትሄዳላችሁ፣ ወይም ደክሟችሁ ቤት ትገባላችሁ። ሁለት ባለሰዓት ፓስ አንድ ቀን ላይ ስትደርቡ ፍተሻው፣ መኪና ማቆሚያው፣ የልጆቹ ሽንት ቤት፣ የሰው ብዛት ሁሉ ተደማምሮ ሁለተኛውን ያስመልጣችኋል። ካፒቶልና ቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ናቸው ጎን ለጎን ስለሆኑ የሚያዋጡት።

እናቴ ብዙ መራመድ አትችልም። ለእሷ ምን ልያዝ?

ከሁሉ በፊት ሞሉ በካርታ ላይ ከሚታየው በጣም እንደሚረዝም እወቁ። ከካፒቶል እስከ ሊንከን ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ጥላም የለውም። ትልልቆቹ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ዊልቼር በነጻ ያውሳሉ፣ ቀድሞ ለመጣ ነው የሚሰጡት፣ ስለዚህ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓት ያዙ። "እኔ ዊልቼር ላይ አልቀመጥም" ትላለች፣ የታወቀ ነው። ይዛችሁት ግቡ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሷ ትጠይቃለች።

በነሐሴ የምትመጣ ከሆነ ፍልሰታ ነው። የምትሄድበትን ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ሰዓት ሳትጠይቁ ምንም አታስይዙ። ከጾም ጋር በፀሐይ ማዞርም ተገቢ አይደለም።

አንድ ዌብሳይት የነጻውን ሙዚየም ፓስ እየሸጠ አየሁ። ልግዛ?

አትግዙ። ነጻ የሆነ ፓስ ነጻ ነው። በፍለጋ መጀመሪያ ላይ የሚመጡት ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ አስጎብኚ ድርጅቶች ናቸው። አንዳንዶቹ እውነተኛ አስጎብኚ ይሰጣሉ፣ ያ ሥራቸው ነው፣ ከፈለጋችሁ ክፈሉ። መግቢያውን ብቻ የሚሸጥላችሁ ግን ገንዘባችሁን በከንቱ እየወሰደ ነው። የስሚዝሶኒያን ዌብሳይቶች መጨረሻቸው ዶት ኢዲዩ ነው፣ የመንግሥቶቹ ዶት ጎቭ። እሱን አይታችሁ ግቡ። ስለላ ሙዚየሙና የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየሙ ግን የግል ስለሆኑ በእርግጥ ይከፈልባቸዋል፣ ከራሳቸው ዌብሳይት ግዙ።

ሰው የሚበዛው መቼ ነው?

ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ። መጀመሪያ የቼሪ አበባው አለ፣ ቶኪዮ በ1912 የላከችው ዛፍ የሚያብብበት። ቀጥሎ ከመላው አገሪቱ ተማሪዎች በአውቶቡስ ይመጣሉ። ሐምሌ 4 ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። በእነዚህ ጊዜያት ፓስ በተለቀቀበት ደቂቃ ያዙ። ጥርና የካቲት ላይ የምትመጡ አትጨነቁ።

ካስያዝኩ በኋላ ሊዘጋ ይችላል?

ይችላል። ኮንግረስ በጀት ሳያጸድቅ ሲቀር የፌደራል መንግሥት ይዘጋል፣ ሙዚየሞቹም አብረው። በ2025 መዘጋቱ የጀመረው ጥቅምት 1 ነበር፤ ስሚዝሶኒያን በእጁ ባለው ገንዘብ ጥቂት ቀን ቆይቶ ጥቅምት 12 ሙዚየሞቹንና ዙውን ዘጋ፣ እስከ ኅዳር አጋማሽም ቆየ። ያኔ ፓስ የያዘ ሰው ሁሉ ቀረ። እንዲህ ከሆነ የግል ሙዚየሞቹ ይሠራሉ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ ማውንት ቨርነንም የግል ማኅበር ስለሚያስተዳድረው አይዘጋም። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ እንግዳ ያላችሁ ዜናውን ተከታተሉ።

ኒውዮርክ ለአንድ ቀን ብንሄድስ?

የነጻነት ሐውልት ዘውዷ ውስጥ መውጣት ከፈለጋችሁ ወራት ቀድማችሁ ያዙ፣ በጣም ጥቂት ነው። ደሴቱ ላይ መውረድ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። ፈቃድ ያለው ጀልባ ስታቹ ሲቲ ክሩዝስ ብቻ ነው፣ ባተሪ ፓርክ አካባቢ ጃኬት ለብሰው የሚያስቆሟችሁን ሻጮች እለፏቸው። ከሩቅ ማየት ለሚበቃው የስታተን አይላንድ ጀልባ በነጻ በአጠገቧ ያልፋል። የመስከረም 11 መታሰቢያ ገንዳዎቹ ነጻ ናቸው፣ ከሥሩ ያለው ሙዚየም ግን ይከፈልበታል፣ እሱን ቀድሞ መያዝ ጥሩ ነው።

አስይዤ መሄድ ባልችልስ?

ሰርዙት። ኢሜይላችሁ ላይ የመጣው ማረጋገጫ ውስጥ መሰረዣ አለ፣ ነጻ ስለሆነ የምታጡት ነገር የለም። ከያዛችሁት ስድስት ፓስ ሦስቱ ትርፍ ከሆኑም ቀንሱ። ለማንኛውም ብሎ ሦስት የተለያየ ቀን ላይ አስይዞ አንዱን ብቻ የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው። እናንተ የለቀቃችሁት ቦታ በዚያው ቀን ጠዋት ከቤተሰቡ ጋር ስልኩ ላይ አፍጥጦ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይደርሳል።